መምህር ክፍለ ዮሐንስ ያስፈረደው ፍርድና የወይዘሮ ውብዳር ቆብ

ጥበብን የሚሹ ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንደኛው ወገን እውነትን ስለ ራሷ የሚያፈቅር፣ ብታዋርደው የሚታገሣት፣ ብታከብረው የማይመካባት ሲሆን፣ ሁለተኛው ወገን ግን እውነትን መንገደኛ ዱላውን እንደሚወድ የሚወድ፣ የሚመታበት ባላንጣ ባይኖረው ኖሮ ከጥግ አቁሞ የሚረሳት ነው። የመጀመሪያው ወገን በየዘመኑ አንድም ሁለትም ቢገኝ ነው፤ ሁለተኛው ግን ዐውደ ምሕረቱን፣ አደባባዩንና ጉባኤ ቤቱን ሞልቶ፣ ጥምጥሙን አግዝፎ፣ ጭራውን እየነሰነሰ ይኖራል። ልባም አንባቢ ሆይ፣ አንተ ከየትኛው ወገን እንደ ሆንህ አልጠይቅህም፤ ሰው ሁሉ ሲጠየቅ ከፊተኛው ነኝ ማለቱ አይቀርምና መልስህ አይረባኝም። እኔ የምተርክልህ ከሁለተኛው ወገን ሆኖ ሳለ ዕድሜውን ሙሉ ከፊተኛው ነኝ ሲል ስለ ኖረ አንድ ሊቅ ነው፤ ብትበሳጭበት ፈቃድህ ነው፣ እኔም ስጽፍ ተበሳጭቼበታለሁ።

በበጌምድር ደጋ፣ ደብረ ምሕረት በምትባል፣ ነገር ግን ከምሕረቷ ይልቅ በጠቧ በምትታወቅ ደብር፣ መምህር ክፍለ ዮሐንስ የሚባል የመጻሕፍት መምህር ነበረ። በዜማ ምሉእ፣ በቅኔ ስል፣ በትርጓሜ ጥልቅ ነበረ፤ ይህን ጠላቶቹም አይክዱትም፣ ጠላቶቹም ጥቂት አልነበሩም። የሌሎቹ መምህራን ሐሳብ በሰማያት ምሥጢር ሲመላለስ የእሱ ልብ ወደ ድውያን አልጋ አዘነበለ። ደዌ ምንድን ነው፣ በሥጋ ያለ ነገር ነውን ወይስ ሰው በአፉ የሰየመው፤ ሐኪም ለሕመምተኛው የሚገባው ሥር መማስና ቅጠል መበጠስ ብቻ ነውን፤ ስለ ርኅራኄ የዋሸ ሐኪም ዋሽቷልን ወይስ አልዋሸም፤ እያለ የምግባርን ፍልስፍና ከፈውስ ጥበብ ጋር አጋብቶ ይመረምር ጀመር፤ ደቀ መዛሙርቱንም ከዕለቱ ትምህርት በኋላ ከወይራው ሥር ሰብስቦ በዚህ ነገር ያሟግታቸው ነበር። ከምርመራውም ሁሉ አንድ ብያኔ አወጣ፤ እርሱም «ያየውን ሞት ከታማሚው የሚሰውር ሐኪም ከነፍሰ ገዳይ አያንስም» የሚል ነበረ። በአገራችን ልማድ ደግሞ ለታመመ ሰው ትሞታለህ ማለት ነውር ነው፤ ነገሩ ለቤተ ዘመድ በሹክሹክታ ይነገራል፣ ሕመምተኛው ግን ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ «አይዞህ፣ ዛሬስ ፊትህ ወዝ አለው» ይባላል፤ መርዶ እንኳ ለቋሚው የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ በሽማግሌ አፍ፣ በዙሪያ ወሬ ተለሳልሶ ነው። መምህር ክፍለ ዮሐንስ ይህን ልማድ በማር የተለወሰ ሐሰት ነው ብሎ ናቀው። እውነቱን ለመናገር በዚህ ነገር ፈጽሞ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው በሌላ ነው።

ልማዱን የጠላው ስለ ልማዱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ደብር በባለ መድኃኒትነት የገነነው መሪጌታ ዕንባቆም ስለ ነበረ ነው። ሁለቱ በልጅነታቸው በአንድ ጎጆ አድረው፣ በአንድ አኩፋዳ ለምነው፣ ከአንድ መምህር እግር ሥር ቅኔ የቈጠሩ ናቸው። ታዲያ አንድ ቀን ክፍለ ዮሐንስ የተቀኘውን ቅኔ ዕንባቆም በጉባኤው መካከል ቢነቅፍበት፣ ጉባኤውም ቢያጅበው፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። የቅኔው ቃል ከተረሳ ዘመን አልፎታል፤ በቦታው ከነበሩትም ግማሾቹ አፈር ሆነዋል፤ መምህሩ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ያችን ዕለት ሳይለቅ ሸበተ። ዕንባቆምም የዋህ እንዳይመስልህ፤ ምላሱ ሬት፣ ልቡ ንፉግ፣ የመድኃኒቱን ስም ከገዛ ልጁ እንኳ የሚደብቅ፣ ቂሙንም እንደ ሥራ ሥሩ በጥላ አድርቆ የሚያኖር ሰው ነበረ። በአንድ ደብር ሁለት እንዲህ ያሉ ሊቃውንት ሲኖሩ ሕዝቡ ስብከት አይጠማውም፣ ወሬ ይበቃዋል።

የአገሩ ገዥ ደጃዝማች አጥናፉ የሚወደው ባላምባራስ ደርሶ የሚባል አብሮ አደግ ነበረው፤ ይኸውም በሆዱ እብጠት ተይዞ በመሪጌታ ዕንባቆም እጅ ይታከም ነበር። ዕንባቆም እንደ ልማዱ ለወንድሞቹ አይተርፍም ብሎ ነገራቸው፣ ለእሱ ግን ለመስቀል በፈረስ ትወጣለህ አለው። ባላምባራስም ይህን አምኖ፣ የንስሐ አባቱን ሳያስጠራ፣ ከተጣላው ልጁ ሳይታረቅ፣ ርስቱን ሳይናዘዝ ሞተ፤ ልጆቹም ገና አርባው ሳይወጣ በጦር ተፈላለጉ። መምህር ክፍለ ዮሐንስ ይህችን አጋጣሚ ሲጠባበቅ ኖሯልና፣ ደጃዝማቹ በችሎት በተቀመጠ ዕለት ኩታውን አጣፍቶ ቆመ፤ ንጉሥ የላከውን መልእክት በመንገድ የሰወረ መልእክተኛ ቅጣት እንዲገባው፣ ሞትም ከሰማዩ ንጉሥ ወደ ሰው የሚላክ የመጨረሻ መልእክት እንደ ሆነ፣ ይህን መልእክት ከታማሚው ሰውሮ ለጎረቤት የሚያድል ሐኪም ሥጋውን ሊያድን ባልቻለው ሰው ላይ ነፍሱን ጨምሮ እንደሚያጠፋበት፣ ከሊቃውንት ቃል እየጠቀሰ፣ በምሳሌ እያሸበረቀ፣ ጣቱን ግን ከአንድ ሰው ላይ ሳያነሣ ተናገረ። ዕንባቆም ሲጠየቅ ረጅም ነገር አልተናገረም።

«እኔ የማውቀው ሥርና ቅጠል ነው» አለ፤ «ሞትን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ እኔ የማየው ጥላውን ነው፤ ጥላ ደግሞ ጠዋትና ማታ ያለ ልኩ ይረዝማል።»

መምህር ክፍለ ዮሐንስ ይህችን መልስ እንደ መና ተቀበላት። አላዋቂ ሐኪም ሁሉ ጭንቅ ሲይዘው በእግዚአብሔር ስም እንደሚሸፈን፣ ያየ ሰው ያየውን ተናግሮ ፍርዱን ለባለቤቱ መተው እንጂ ስለ ጥላ ቅኔ መዝረፍ እንደማይገባው ሲመልስ፣ መኳንንቱ እርስ በርሳቸው በአድናቆት ተያዩ። ደጃዝማቹም የወዳጁ ሐዘን ገና ትኩስ ነበርና፣ በግዛቱ ያለ ባለ መድኃኒት ሁሉ ያየውን ለታማሚው ለራሱ፣ በቤተ ዘመዱ ፊት፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲናገር፣ የሰወረ ከአገር እንዲወጣ ፈረደ፤ በገበያውም ቀን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጁ ተነገረ። ዕንባቆም እጅ ነሥቶ እሺ ጌታዬ ብሎ ወጣ፤ ሲወጣም መምህሩን የጎሪጥ ተመለከተው። መምህሩ በዚያ ሳምንት ፊቱ በራ፣ ቆሎ ተማሪዎቹን እንኳ አልተቈጣም።

ይህ ሰው በዚህ ዓለም ከጥላቻው ሌላ የሚወደው አንድ ነገር ቢኖር ሚስቱ ወይዘሮ ውብዳር ነበረች። በቁርባን ተጋብተው ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እሷ ፈትሏን ይዛ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ ሙግቱን ታዳምጥ፣ ማታ እራት ሲቀርብም አንዳንድ ቃል ትጥል ነበር፤ ያችንም ቃል መምህሩ በማግሥቱ የራሱ አድርጎ ያስተምራት ነበር። ያለ እሷ እህል አይወርድለትም፣ ያለ እሷ ድምፅ ቤቱ ቤት አይመስለውም፤ እወድሻለሁ ግን ብሏት አያውቅም፣ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በአፉ ማውጣት ያሳፍረው ነበርና። አፍሮ ቀረ እንጂ መውደዱስ እውነት ነው፤ እኔ ይህን ሰው ባልወደውም ይህን አልነሣውም።

ኅዳር በገባ ጊዜ ወይዘሮ ውብዳርን የጎን ውጋት ያዛት፤ ትኩሳቷ ነደደ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ስታስልም ደም ቀላቀለች። መምህሩ ዕንባቆምን ከመጥራት ሞት ይሻላል ብሎ ከሩቅ አገር ሁለት ባለ መድኃኒት አስመጣ፤ አንዱ በሥር ጭስ አጠናት፣ አንዱ በዋግምት አገማት፤ እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን ከመደቧ ጋር እኩል እየሆነች ሄደች። በመጨረሻ ጥርሱን ነክሶ ዕንባቆምን አስጠራው። ዕንባቆም መጥቶ የደም ሥሯን ዳበሰ፣ የዐይኗን ቆብ ገልጦ አየ፣ ጆሮውን ከጀርባዋ አስጠግቶ ትንፋሿን አዳመጠ፤ ከዚያም ቀና ብሎ ለመምህሩ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ለዛሬ እንኳ ከደጅ ወጥተን እንነጋገር፣ አለው። አንባቢ ሆይ፣ በዚህች ቃል ውስጥ የርኅራኄ ፍርፋሪ ነበረባትን ወይስ ወጥመድ ነበረች፤ እኔ አላውቅም። መምህሩ ግን ወጥመድ መሆኗን አልተጠራጠረም፤ ነገ በአደባባይ «አዋጁን ያስወጣው ሰው በራሱ ቤት ሻረው» ተብሎ ሲነገርበት ታየው። የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ኄር፣ ወንድሟና ሁለት የጎረቤት ሴቶች ባሉበት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አዋጁ ለሁሉ ነው፤ ለራሷ ንገራት፣ አለ።

ዕንባቆምም ወደ መደቡ ዝቅ ብሎ፣ «እመቤቴ፣ ይህ ሕመም እዚህ ደርሶ የተረፈ ሰው አላየሁም። ይህን ሳምንት የምትጨርሺ አይመስለኝም» አላት። ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ወንድሟ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይባላል እንዴ ብሎ ተነሣ፣ አባ ገብረ ኄርም እጁን ይዘው አስቀመጡት። መምህር ክፍለ ዮሐንስ እንደ ቆመ ነበር። ሐዘንና ፍርሃት ያዘው፤ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ፣ ሌላ ነገር በልቡ አለፈ፤ ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልመረመረውም፣ ሌላውን ሁሉ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው።

ወይዘሮ ውብዳር ዞር ብላ ባሏን አየችና ቆብ ጫኑልኝ አለች። ሞቱን ያወቀ ምእመን በመጨረሻው ሰዓት ዓለምን ንቆ፣ መንኵሶ፣ ቆብ ጭኖ መሞቱ የቆየ ሥርዓት ነው፤ በመነኵሴው ላይ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደርስበታል፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለዓለም ሙት ነው፤ ጋብቻው ይፈታል፣ ንብረቱ ይከፋፈላል፣ ተመልሶ ወደ ትዳር መግባትም የለም። ስለዚህ አባ ገብረ ኄር እንደ ሕጉ ወደ ባሏ ዞረው፣ ትፈቅዳለህን፣ ብለው ጠየቁት። የመምህሩ ልብ እምቢ በል፣ ምናልባት ትድናለች በል፣ ብላ ጮኸችበት፤ ይህችን «ምናልባት» የምትባል ቃል ግን በአደባባይ የአላዋቂ መሸፈኛ ብሎ የቀበራት እሱ ራሱ ነበረ፤ ዕንባቆምም ገና ከደጃፉ ቆሞ የመድኃኒት ከረጢቱን እያሰረ፣ የማይሰማ መስሎ ይሰማ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ነገር ይህ ነው። «ሞቱን ያወቀ ሰው ቤቱን ሊያሰናዳ ይገባል፤ ፈቅጃለሁ» አለ፤ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። ፍትሐቱ ደረሰባት፣ ስሟ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ተባለ፣ የጆሮ ጉትቻዋና የክት ቀሚሶቿ ለድኆች ወጡ።

ከዚያም፣ ምን ልበልህ፣ ዳነች። ትኩሳቷ በላብ ወጣ፣ ውጋቱ ለቀቃት፣ በሁለተኛው ሳምንት ተደግፋ ተቀምጣ አጥሚት ለመነች። መምህሩ አጥሚቱን ራሱ ይዞ ገባ፤ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ተመስገን አለ፤ ያን ቀን ከልቡ አለቀሰ፣ ከልቡም ሣቀ። እሷ ግን ጽዋውን ተቀብላ፣ መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከእንግዲህ ለመነኵሲት አገልጋይ ሴት ይበቃታል፣ አለችው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ገና በእግሯ ሳትቆም በቃሬዛ ተሸክመው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወዳለው የእናቶች ገዳም ወሰዷት፤ መምህር ክፍለ ዮሐንስም እንደ ሙት እንዳያለቅሳት በሕይወት ያለች፣ እንደ ሕያው እንዳያነጋግራት ፍትሐት የደረሰባት ሚስት ይዞ ቀረ። በቅዳሴ ጊዜ በሴቶች በኩል ቆማ ያያታል፤ እሷ ግን ዐይኗን ከመሬት አታነሣም። እህል አልወርድ አለው፣ ትምህርቱ ተፈታ፣ ጥምጥሙ እንኳ ቀልሎ ታየ። ደብሩም አልራራለትም፤ አስተማሪው ሲማር ደስ የማይለው ማን አለ?

ሐዘኑ ቁጣ ሆነና ዕንባቆምን ከሰሰው፤ እያወቀ በቂም ዋሽቶ ሚስቴን ነጠቀኝ አለ። በችሎቱ ዕለት ግን ክሱ ሁለት ቀንድ አወጣበት፤ ሐኪሙ ዋሽቷል እንዳይል ማስረጃ የለውም፣ ተሳስቷል ቢል ደግሞ የሐኪም ቃል ዕውቀት ሳይሆን ግምት መሆኑን ሊያምን ነው። እንግዲህ ያን ትዕቢተኛ ሊቅ ብታየው ኖሮ ታዝንለት ነበር፤ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። ሞት በባለ መድኃኒት ዐይን የማይመዘን ረቂቅ ነገር መሆኑን፣ ሐኪም የሚያየው የሞትን ምልክት እንጂ ሞትን አለመሆኑን፣ በግምት ላይ የቆመ ስእለትም በአሸዋ ላይ እንደ ቆመ ቤት መሆኑን፣ ያን የዕንባቆምን ቃል በሌላ ልብስ አልብሶ፣ ባላንጣው ፊት ቆሞ ሲሟገት ላብ በላብ ሆነ። መኳንንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደቀ መዛሙርቱ አቀረቀሩ። እሱ ግን ሚስቱን የሚመልስለት ከሆነ ከዚህም የባሰ ውርደት ሊጠጣ ቈርጦ ነበርና አላፈረም፤ በሕይወቱ ሙሉ እውነትን ያለ ትዕቢት የተናገረባት ቀን ያች ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ዕንባቆምም መልስ ስጥ ቢባል፣ «አንተን እጠላሃለሁ፤ ይህን ጌታዬ ደጃዝማችም ያውቃሉ» አለው። «ያየሁትን ግን ተናገርሁ። የታማሚ እጅ ይዤ የዋሸሁት ለተስፋ ብቻ ነው፤ እሱንም አንተ አስከለከልኸኝ።» ማል ቢሉት እምላለሁ አለ፤ ብምልም ግን መምህር አያምነኝም፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር፣ ብሎ ተቀመጠ። ደጃዝማቹ ፍርዱን ለሊቀ ካህናቱ መራው። ሊቀ ካህናቱ ብዙ አስበው፣ ቆቡ የተጫነው በሐኪሙ ቃል ምክንያት ብቻ ከሆነ ቃሉ ከንቱ ሆኖ ተገኝቷልና ስእለቱ እንደማይጸና፣ ሴቲቱም ወደ ቤቷ እንደምትመለስ፤ ሌላ ምክንያት ካለው ግን እንደ ጸና እንደሚኖር፣ ይህንም ከራሷ ከሴቲቱ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ተናገሩ። መምህር ክፍለ ዮሐንስ ይህን ሲሰማ ነፍስ ዘራ፤ ሌላ ምን ምክንያት ይኖራል? ረታሁ ብሎ አሰበ።

እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ተጠርታ መጣች፤ ከስታለች፣ በበትር ትደገፋለች፣ ዐይኗ ግን ጥርት ያለ ነበረ። ደጃዝማቹ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ አክብሮ ተቀበላትና፣ «እማሆይ፣ ሐኪሙ ይሞታሉ ባይልዎ ኖሮ ይህን ቆብ ይጭኑ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ባሏ የነበረው ሰው፣ አልጭንም በይ፣ አንዲት ቃል ናት፣ አልጭንም በይ፣ እያለ በልቡ ለመናት።

«ሞቴን ስሰማ አልፈራሁም፤ እውነት መነገሩንም አልጠላሁም» አለች። «ዞር ብዬ መምህርን አየኋቸው፤ አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን የሚያዩት መሪጌታ ዕንባቆምን ነበር፤ ፊታቸውም ክርክር የረታ ሰው ፊት ነበረ። ቆቡን የለመንሁት ያን አይቼ ነው፤ እንደምድን ባውቅም እለምነው ነበር።»

ደጃዝማቹ መምህሩን መልስ አለህን ብሎ ጠየቀው። በዚያ አደባባይ መልስ ያጣበት ቀን አልነበረም፤ ተነሣ፣ ኩታውን ሊያጣፋ እጁን ሰደደ፣ አፉንም ከፈተ። ያን ጊዜ ግን በዚያች ዕለት በልቡ ያለፈችውን ነገር ፈለጋት፣ አገኛትም፤ ከሐዘኑ በፊት፣ ከፍርሃቱ በፊት፣ ሚስቱ ከፊቱ ተኝታ ሳለ፣ በመጨረሻ የዕንባቆምን አፍ አስከፈትሁት፣ ብሎ ነበር። እውነት ነው ጌታዬ፣ አለና ተቀመጠ። ሊቀ ካህናቱ ስእለቱ ጸንቷል ብለው ፈረዱ፤ እማሆይም እጅ ነሥታ፣ በፊቱ አልፋ ስትሄድ እግዚአብሔር ይማርዎ አለችው፤ ለታመመ ሰው እንደሚባለው፣ ያለ ቁጣ። አዋጁስ ቀረ ወይስ ጸና ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል፤ ጸንቷል፣ መልካምም አዋጅ ነው፣ ያስወጣውን ሰው ግን አላዳነውም፤ ምላስ የረታበትን ሙግት ሁሉ የሰው የገዛ ፊቱ ይግባኝ ብሎ ያስገለብጠዋልና።